ሰው የሌለበት ክፍል

ፎቶግራፍ ምስክር ነው የሚለው እምነት በብዙዎቻችን ልብ ሥር ሰዶ ይኖራል። ሠዓሊ የሌለውን ሊጨምር፥ ያለውንም ሊያስቀር ይችላል፤ የፎቶግራፍ መሣሪያ ግን በፊቱ ያገኘውን ብቻ ይቀበላል እንላለን። ፎቶግራፍ በመታወቂያ ወረቀት ላይ የሚለጠፈው፥ በፍርድ ቤትም ለማስረጃ የሚቀርበው ስለዚህ ነው። እንግዲህ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ክፍሉን ራሱ ሠርቶ፥ ወንበሩንና ሳሕኑን ራሱ ደርድሮ፥ ያሰናዳውንም ክፍል አንሥቶ ቢያቀርብልን ምን እንለዋለን? ብዙ ሰዎች ሐሰተኛ ምስክር ሊሉት ይቃጣቸዋል። እኛ ግን ይህ ፍርድ የተቻኰለ ነው ብለን ስለምናምን፥ ምክንያታችንን ለአንባቢ ልንገልጽ እንወዳለን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ዕቃ አሰናድቶ ማንሣት ከፎቶግራፍ ጋራ አብሮ የተወለደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ከ1844 ጀምሮ በክፍል በክፍል ባሳተመው «የተፈጥሮ እርሳስ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ «የተከፈተው በር» የሚል ሥዕል አለ። በሥዕሉ የሚታየው ገርበብ ያለ በር፥ በደጃፉም የተደገፈ የጭራሮ መጥረጊያ ነው። አገልጋይ ቤቱን ሲጠርግ ሰው ጠርቶት መጥረጊያውን ጥሎ የሄደ ይመስላል። ነገር ግን መጥረጊያው በአጋጣሚ የቆመ አይደለም፤ ታልቦት የጥላውን አወዳደቅ ተመልክቶ፥ አስቦ ያቆመው ነው። የእኛም አገር ሰው ይህን ጉዳይ አያጣውም። ፎቶ ቤት የገባ ሰው ሐይቅ ወይም አበባ በተሣለበት መጋረጃ ፊት ይቆማል፤ የሱ ያልሆነ ከረባት ያስራል፤ ሽቦ የሌለውን ስልክ አንሥቶ ጆሮው ላይ ይይዛል። ያ ሥዕል በሳሎን ተሰቅሎ ሲታይ ግን አባቱን ውሸታም ያለ ልጅ አልሰማንም።

ከዘመናችን ሰዎች መካከል በዚህ መንገድ እጅግ ርቆ የሄደው በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ የተወለደው ጀርመናዊው ቶማስ ዴማንድ ይመስለናል። ሥራዎቹን ያወቅናቸው በመጽሐፍ ታትመው ነው። የተማረው ቅርጻ ቅርጽ ሲሆን፥ ከወረቀት የሚሠራቸውን ቅርጾች በመጀመሪያ ፎቶግራፍ ያነሣቸው የነበረው ለማስታወሻ ያህል ነው፤ ውሎ አድሮ ግን ቅርጹ ራሱ ለፎቶግራፉ ሲባል የሚሠራ ሆነ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ብዙ ጊዜ በጋዜጣ ወይም በመጽሔት ከወጣ ሥዕል አንድ ክፍል ይመርጣል። ክፍሉንም በባለቀለም ወረቀትና በካርቶን፥ አብዛኛውን ጊዜ በእውነተኛው መጠን፥ እንደ ገና ያቆመዋል። ጠረጴዛው ወረቀት ነው፤ መብራቱም ወረቀት ነው። ብርሃኑን አስተካክሎ ፎቶግራፍ ካነሣው በኋላ ያን ሁሉ ድካም ያፈርሰዋል፤ የሚቀረው ፎቶግራፉ ብቻ ነው።

በ1997 የሠራው «መታጠቢያ ቤት» የተባለው ሥዕል ብዙ ጊዜ አቁሞናል። ገንዳ፥ የገንዳ መጋረጃ፥ በወለሉ ላይ የተሸበሸበ ምንጣፍ ይታያል። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው፥ ሆቴል ያደረ እንግዳ ታጥቦ የወጣበት ክፍል ነው። ዳሩ ግን በ1987 የሽሌስቪግ ሆልሽታይን ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ኡቨ ባርሸል፥ ከሥልጣኑ በወረደ በጥቂት ቀናት ውስጥ፥ በጄኔቭ ከተማ በአንድ ሆቴል መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ልብሱን እንደ ለበሰ ሞቶ ተገኝቶ ነበር። የሬሳውም ፎቶግራፍ በሽተርን መጽሔት ወጣ፤ ስለ አሟሟቱም ብዙ ክርክር ተደረገ። ዴማንድ ያንን ክፍል በወረቀት ሲያቆም ገንዳውን፥ ውሃውን፥ መጋረጃውን ሠርቶ ሬሳውን አስቀረው። በመጽሔቱ ላይ ዓይናችን ሬሳው ላይ አርፎ ክፍሉን ሳያይ ያልፍ ነበር፤ እዚህ ግን ማረፊያ አጥቶ ከምንጣፉ ወደ መጋረጃው፥ ከመጋረጃው ወደ ውሃው ይንከራተታል፤ «እዚህ ማን ነበረ?» ሳይልም አይመለስም።

የቀሩትም ሥራዎቹ ከዚህ አይርቁም። በ1995 የሠራው «ቢሮ» በ1990 ሕዝብ ሰብሮ የገባበት የምሥራቅ ጀርመን የጸጥታ መሥሪያ ቤት ክፍል ነው። ወለሉ በወረቀት ተሞልቷል፤ በአንዱም ወረቀት ላይ ግን ፊደል የለም። ሰው ስለ ጎረቤቱ ለብዙ ዓመት ያጠራቀመው ክስ ሁሉ ባዶ ወረቀት ሆኖ ተበትኖ ይታያል። በ2004 የሠራው «ማድ ቤት» ደግሞ፥ ሳዳም ሁሴን በታኅሣሥ 2003 ከመያዙ በፊት በቲክሪት አቅራቢያ ተሸሽጎበት ከነበረው ቤት የተወሰደ ነው። ድስትና ሳሕን ተዘበራርቆ ሲታይ የማንም ወንደላጤ ማድ ቤት ይመስላል፤ እኛን ያስደነገጠንም ይኸው ነው። በነዚህ ሥዕሎች ሁሉ ቀረብ ብሎ ላስተዋለ ሰው የወረቀቱ ጠርዝና መጋጠሚያው ይታያል፤ ሠሪው አልደበቀውም።

የካናዳው ጄፍ ዎልም በ1978 «የፈረሰው ክፍል» የተባለውን ሥራውን ባቀረበ ጊዜ እንዲሁ አድርጓል። ፍራሹ በስለት ተቀድዷል፤ የሴት ልብስና ጫማ በወለሉ ላይ ተዘርግፏል፤ በዚያ ሁሉ ጥፋት መካከል አንዲት ትንሽ የዳንሰኛ ምስል በመሳቢያው ላይ ሳትወድቅ ቆማለች። የዘረፋ ምስክር ነው ስንል፥ በበሩ በኩል ግድግዳውን ደግፈው ያቆሙት እንጨቶች ይታዩናል። ክፍሉ ፎቶግራፍ ሊነሣ የተሠራ መሆኑን ራሱ ሥዕሉ ይናገራል ማለት ነው። ከነዚህ ሰዎች በኋላ የተነሡ፥ ብርጭቆና ሎሚ ለማማሩ ብቻ እየደረደሩ የሱቅ መስኮት የሚመስል ሥዕል የሚያወጡ ብዙዎች አሉ። ስለነሱ የምንለው የለንም።

ይህ ጉዳይ በባዕድ አገር የጥበብ ክርክርነቱ ብቻ አልቀረልንም። እናታችን ባረፈች ጊዜ፥ አርባዋ ከወጣ በኋላ ቤቱ ሊለቀቅ፥ ዕቃውም ሊከፋፈል ሆነ። ያሉን ፎቶግራፎች ሁሉ የሠርግ፥ የክርስትና፥ የፎቶ ቤት ናቸው። ሠላሳ ዓመት ስትውልበትና ስታድርበት የኖረችው ክፍል ግን አንድ ቀን እንኳ ብቻውን ተነሥቶ አያውቅም፤ ማን ግድግዳና በርጩማ ያነሣል? ስለዚህ ዕቃው ከመበተኑ በፊት ክፍሉ ይነሣ ተባለ። ጠቡም ከዚህ ተነሣ።

ታናሽ ወንድማችን ክፍሉ እንዳለ ይነሣ አለ፤ የመድኃኒቱ ፌስታል በራስጌ እንደ ተንጠለጠለ፥ የፕላስቲክ ማስታጠቢያው በግርጌ እንደ ተቀመጠ፥ ብርድ ልብሱም እንደ ተገለጠ። ታላቅ እኅታችን በበኩሏ ይህን ልትሰማው አልወደደችም። ወለሉን ጠርጋ ቄጤማ ጐዘጐዘች፤ ረከቦቱን አውጥታ ስድስት ሲኒ ደረደረች፤ ጀበናውን በማቶቱ ላይ፥ በርጩማዋንም በስተኋላው አኖረች፤ ነጠላዋን አጥፋ በሚስማሩ ላይ ሰቀለች፤ የመድኃኒቱን ፌስታል ግን ወደ ዐልጋው ሥር ገፋችው።

ወንድማችን ተቈጣ። «እትዬ፥ ይህ እኮ ውሸት ነው! ያለፈውን ሁለት ዓመት እንዲህ ነበር የኖረችው?» አላት። እኛም እናስታርቃለን ብለን የጀርመናዊውን መታጠቢያ ቤት ነገር አነሣን። እኅታችን ሰውየው ሬሳውን ማስቀረቱን በሰማች ጊዜ፥ «እሱ ሬሳ አውጥቶ ከተመሰገነ እኔ መድኃኒት ባወጣ ምን አጠፋሁ? ሁለት ዓመት ታመመች፤ አምሳ ዓመት ግን እንግዳ ስትቀበል ኖረች» አለች። ለዚህ የሚሆን መልስ አላገኘንም። ወንድማችንም አላገኘም፤ ነገር ግን ልቡ አላመነም ነበርና ሥዕሉ ሲነሣ ወደ ደጅ ወጣ።

ያነሣው የጎረቤት ልጅ ነው፥ በእጅ ስልኩ። በወረቀት ታትሞ ሲመጣ ግን ከዐልጋው ሥር የፌስታሉ ሰማያዊ ጫፍ ወጥቶ ታየ። ሲነሣ ማንም አላስተዋለውም። ያን ጥግ ማስቈረጥ ቀላል ነበር፤ እኅታችን ግን ብዙ ካየችው በኋላ «ይቅር፥ ይኑር» አለች። ለማያውቅ ሰው አንድ የላስቲክ ቍራጭ ነው፤ ለእኛ ግን ከዎል ድጋፍ እንጨቶች የሚያንስ አይደለም። ወንድማችን እቤቷ በመጣ ቍጥር ቀድሞ የሚያየው ያንኑ ጥግ ነው፤ ሥዕሉን ከግድግዳው አውርዱት ግን ብሎ አያውቅም።

ሥዕሉ ዛሬ በእኅታችን ሳሎን ተሰቅሎ ይገኛል። በቅርቡ፥ ቅድመ አያቱን ያልደረሰባት የልጅ ልጇ ሶፋው ላይ ወጥቶ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ ቈጠረና፥ «እማማ፥ ማን ሊመጣ ነው?» ሲል ጠየቃት።

«እናቴ ናት ያሰናዳችው፤ እንግዳ አለባት» አለችው።