በሽምብራ ፍሬ ላይ ዓይን መሣል

ቁመቱ 54 ሚሊሜትር የሆነ የወታደር ምስል ፊቱ ከሽምብራ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። በዚህች ጠባብ ስፍራ ላይ ግንባር፣ አፍንጫ፣ ከንፈርና ሁለት ዓይኖች መውጣት አለባቸው። ልብሱ የቱንም ያህል አምሮ ቢቀባ፣ ተመልካች አስቀድሞ የሚያየው ፊቱን፣ ከፊቱም ዓይኑን ነው። ዓይኑ ከተበላሸ የቀረው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። የዓይን ነጭ በእርግጥ ነጭ ስለሚመስላቸው ከብልቃጡ የወጣውን ነጭ ቀለም እንዳለ ይቀቡታል፤ በመካከሉም ክብ ጥቁር ነጥብ ያሳርፋሉ። ያን ጊዜ ጀግና ተብሎ የተሠራው ወታደር እባብ እንዳየ ሕፃን ዓይኑን አፍጥጦ ይቀራል። ዓይን በጉድጓዱ ውስጥ ስለሚገኝና የላይኛው ቆብ ጥላውን ስለሚጥልበት፣ ነጩ ክፍል ወደ ግራጫ ያደላል። በተረጋጋ ሰው ዘንድም ጥቁሩ ክፍል ዙሪያውን ሁሉ አይታይም፤ ከላይ በኩል በቆቡ ይሸፈናል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሠዓሊ ጉድጓዱን በደማቅ ቡናማ ከሞላ በኋላ የደበዘዘ ነጭ ያሰምርበታል፤ ቀጥሎም ጥቁሩን ከላይኛው ቆብ ጋር አያይዞ ያወርደዋል። ከመስመር ያለፈውን በቆዳው ቀለም ያርመዋል። ለዚህ ሥራ እንደ ፀጉር የቀጠነ ብሩሽ ያስፈልጋል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ብሩሽ ጥቂት ቀለም ብቻ ስለሚይዝ ምስሉ ላይ ሳያርፍ ይደርቃል። ወገቡ ሞላ ብሎ ጫፉ የሾለ ብሩሽ ይሻላል።

የቆዳው ቀለም ከዚህም የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ጠይም ፊት በጥቁር ብቻ ከጠቆረ ሕይወት ያጣል፤ በነጭ ብቻ ከፈካም አመድ የነፉበት ይመስላል። ቀላ ያለ ቡናማ መነሻ ሆኖ፣ ጥላው ወደ ወይን ጠጅ፣ ብርሃን የሚያርፍባቸው ግንባርና ጉንጭ ደግሞ ወደ ብርቱካን ሲያደሉ ግን ደም ያለው ፊት ይወጣል።

ይህ ነገር ኢትዮጵያንም ይነካል። የእንግሊዙ የብሪተን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ ውስጣቸው ክፍት የሆነ የእርሳስ ወታደሮች ይሠራ ነበር፤ በኢጣሊያ ወረራ ዘመንም የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ዘበኞችና የአገሩን ተዋጊዎች ምስል አውጥቷል። የፋብሪካው ልማድ ለዓይን አንዳንድ ጥቁር ነጥብ ማሳረፍ ነበር። ለልጆች መጫወቻ በብዛት የሚሠራ ስለ ነበር በዚህ አይወቀስም። ሆኖም ተዋጊው በእውነት የነበረ፣ እናትና አገር የነበረው ሰው ነው፤ ዛሬ ይህን ምስል የሚቀባ ሰው ከሁለት ነጥብ የበለጠ ዕዳ አለበት።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። እነርሱ ዓይንን እንደ ተፈጥሮው ማሳነስን አልፈለጉም። ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ሰፋፊ ዓይኖች፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ይሥላሉ። በአጤ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468) የነበረው ፍሬ ጽዮን በጣና ሐይቅ ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘውን የማርያም ሥዕል ሲሠራ፣ የፈለገው ማን እንደሚያይና ማን እንደሚታይ ማሳየት እንጂ ጥላን መቍጠር አልነበረም።

የጥቃቅን ምስል ሠዓሊ ግን ጥላውን ይቈጥራል። በመጨረሻም በሁለቱም ዓይኖች በአንድ ወገን ላይ፣ በመርፌ ጫፍ ልክ፣ የብርሃን ነጥብ ያኖራል። ምስሉ 28 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ ይህንንም ይተወዋል፤ ከቅንድቡ በታች ያለው ጥላ ብቻ ይበቃል።