እጅ የመሰብሰብ ሙያ

ለፎርማንነት የሚያበቃው ጥሩ እጅ ነው ብዬ ዓመታት አምኛለሁ። በሳይቱ ላይ እንደኔ ፈጥኖ ሽቦ የሚስብ፣ ቦርድ አሳምሮ የሚያስር አልነበረም። አለቃችን ግን አንድ ሶኬት ለማሰር መነጽሩን ሲፈልግ የሚቆይ ሰው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ሹመቱ ያንገበግበኝ ነበር።

የአለቃችን ማንነት የሚታወቀው ግን ሶሌታ ሊሞላ ሲል ነው። ፌሮኛው የላይኛውን ብረት ለመዝጋት ይቸኩላል፣ ሚክሰሩ ይጮኻል። እሱ ፕላኑን ይዞ ከአንዱ የሽቦ ቱቦ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ከፌሮው ጋር መታሰሩን በእግሩ ነካ አድርጎ ያያል፣ አፉ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት መደፈኑን ጎንበስ ብሎ ይዳብሳል። ኮንክሪት የገባበት ቱቦ አንዴ ከደረቀ ሽቦ አያሳልፍም፤ የቀረው ሶሌታውን በእስካርፔሎ መፈልፈል ነው። ስለዚህ አንድ ቱቦ ከጎደለ «አይሞላም» ይላል። መሐንዲሱ ቢቆጣም አይሞላም።

ተራዬ ደርሶ ፎርማን ስሆንና ልጆች ሲሰጡኝ፣ የከበደኝ እጄን መሰብሰብ ነበር። ረዳቱ ቦክስ አጣሞ ሲተክል ፒንሳውን ነጥቄ ላስተካክል ያምረኛል። እኔ አንድ ክፍል ሳቃና ግን ሌላው ፎቅ ያለ አለቃ ይውላል። ለመብራት ባለ 1.5፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦው ከዋዜማው ተቆጥሮ ካልወጣ፣ ጠዋት ሠራተኛው ስቶር በር ላይ ቆሞ ያረፍዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰው ነፍስ ነው። አንድ ልጅ መስመር ከመንካቱ በፊት ብሬከሩ ወርዶ ይቆለፋል፤ ቁልፉም የሚሠራው ልጅ ኪስ ይገባል። ቴስተሩ መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት፣ ቀጥሎ በሚሠራበት መስመር፣ ከዚያ እንደገና በዚያው ሶኬት ይሞከራል፤ የተበላሸ ቴስተርም «የለም» ይላልና። 220 ቮልት «አጥፍቼዋለሁ፣ አይዞህ» የሚል የጓደኛ ቃል አይሰማም። ይህን ሥርዓት እንድዘል የሚያቻኩለኝን ሁሉ፣ አሠሪዬም ቢሆን፣ እምቢ ማለት የእኔ ድርሻ ነው።

ዛሬ ጎበዝ ጎበዞቹ «ጋሼ፣ እኔስ መቼ ነው ፎርማን የምሆነው?» ይሉኛል። ስለ ፍጥነታቸው አልጠይቃቸውም። ነገ ጠዋት ማን፣ የት፣ በየትኛው ዕቃ እንደሚሠራ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ የራሳቸውን ሥራ ይነግሩኛል። የሌላውንም አብሮ የነገረኝን ልጅ በማግሥቱ ፕላኑን አስይዘዋለሁ።