ስሜ የሌለበት አድራሻ

ካርቱም ሳለሁ ዴም ሰፈር ውስጥ፣ ስልክና ኮምፒውተር በሚጠገንበት አንድ ጠባብ ሱቅ እሠራ ነበር። ዌብሳይት ሊከፍት ያሰበ ሐበሻ «እሱን ጠይቀው» እየተባለ እኔ ዘንድ ይመጣል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ በምን ልሥራው? የት ላስቀምጠው? መልሱን ሁልጊዜ አፌ ላይ ይዤው ነበር። የሰጠሁት ምክር ውሸት የለበትም፤ ዛሬም የሚጠይቀኝ ቢመጣ አብዛኛውን እደግመዋለሁ። የምናዘዘው ስለ ምክሩ አይደለም። የራሴን ዌብሳይት ለምን በሰው አድራሻ ሥር እንዳስቀመጥኩት ሲጠይቁኝ ስለምሰጠው ምክንያት ነው። ምክንያቱ እውነት ነበር። የእኔ ምክንያት ግን አልነበረም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አንሥቼው አላውቅም፤ ከኃጢአት ስላልቆጠርኩት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ዓመቶቹን ካርቱም እንደለመድነው በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ። አሜሪካ ሱዳንን በ1993 ሽብርተኝነትን ይደግፋሉ ካለቻቸው አገሮች ዝርዝር አስገባቻት። በኖቬምበር 1997 ደግሞ ሰፊውን የንግድ ማዕቀብ ጣለችባት። ማዕቀቡ ኢንተርኔት ውስጥ ሳይቀር ገባ። ነፃ ሶፍትዌር የሚወርድበት ሶርስፎርጅ በጃንዋሪ 2010 ከሱዳን፣ ከኢራን፣ ከሶሪያ፣ ከኩባና ከሰሜን ኮሪያ ለሚመጣ ሰው በሩን ዘጋ። በነፃ የሚሰጥ ነገር ሳይቀር ተከለከለ ማለት ነው። ማዕቀቡ በኦክቶበር 2017 ቢነሣም አገሪቱ ከዚያ ዝርዝር የወጣችው በዲሴምበር 2020 ነው። እስከዚያ ድረስ የውጭ ባንኮች ከሱዳን ባንኮች ጋር መሥራት ይፈሩ ስለነበር፣ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ እኛ ሰፈር አይታወቅም ነበር። ረሲድ፣ ማለትም የስልክ ሒሳብ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ትልካለህ፤ የባንክ ሒሳብ ያለው ሰው በባንኩ አፕሊኬሽን እዚያው አገር ውስጥ ይከፍላል። ዌብሳይት የሚያከራይ የውጭ ድርጅት ግን ረሲድ አይቀበልም። ዶሜይን፣ ማለትም የዌብሳይቱ ስም፣ በዓመት 10 ዶላር ገደማ ነበር። ገንዘቡ በኪስህ ቢኖርም የምታሻግርበት መንገድ የለህም።

«ማዕቀብ ነው፣ ካርድ የለም» እላለሁ። የሱዳን ልጆችም የሚሉት ይህንኑ ስለነበር የሚከራከረኝ አልነበረም።

ስለ መሥሪያው የምናገረው ግን ከልቤ ነበር። ጀማሪ መጀመሪያ የሚሰማው ዎርድፕሬስ የሚለውን ስም ነው። ከ2003 ጀምሮ ያለ፣ በነፃ የሚገኝ፣ ብዙ ሰው ያገለገለ ሶፍትዌር ነው። ችግሩ በዚህ አንድ ስም ሁለት ነገር መጠራቱ ላይ ነው፦ አንደኛው አውርደህ በተከራየኸው ሰርቨር ላይ ራስህ የምትጭነው፣ ሁለተኛው አንድ ኩባንያ አዘጋጅቶ የሚሰጥህ አገልግሎት። ስለ አንደኛው አንብቦ ሁለተኛውን የሚከፍት ብዙ ነው፤ ከዚያ ያነበበውን ሲፈልግ አያገኘውም። ራስህ ከጫንከው ደግሞ ዳታቤዝ ያለው ሰርቨር ይፈልጋል፤ እሱንም ፕለጊኖቹንም በየጊዜው ማደስ አለብህ። ሳይታደስ የቆየውን የሚያስሱት ሌት ተቀን የሚዞሩ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ትልቅና ትንሽ አይለዩም። መብራት ጠፍቶ በሚውልበት፣ ኮኔክሽን በሚቆራረጥበት ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ዘላለማዊ የቤት ሥራ ነው።

ስለዚህ ተራ ፋይል እላቸው ነበር። ጽሑፍህን ኮምፒውተርህ ላይ ጻፍ፤ እንደ ጄኪል ወይም ሁጎ ያለ ነፃ ፕሮግራም ወደ ገጽ ይቀይረው፤ ገጾቹን አንሣና የትም አስቀምጣቸው። ዳታቤዝ የለም፤ በየሳምንቱ የሚታደስ ነገር የለም። ሆስቲንጉ፣ ማለትም ገጾቹን የሚያኖርልህ አገልግሎት፣ ቢያስቸግርህ ያንኑ ፋይል ወስደህ ሌላ ቦታ ታኖረዋለህ። ለአማርኛ ጸሐፊ ደግሞ ይህ መንገድ በጣም ይመቻል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ ፎንት ስለነበረው አንዱ ጋ የተጻፈ ሌላው ጋ ሲከፈት የላቲን ፊደል ትርምስ ይሆን ነበር። ዛሬ አንድ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። በስልክ የተነሣ አንድ የ3 ሜጋባይት ፎቶ የአንድ ሚሊዮን ፊደል ያህል ቦታ ይወስዳል ማለት ነው። አንባቢው ዳታ በረሲድ እየገዛ በሚያነብበት ከተማ፣ ጽሑፍ ብቻ ያለው ገጽ ለአንባቢው ማሰብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ እምነቴ በጁን 2019 ተፈተነ። በወሩ 3ኛ ቀን ካርቱም ውስጥ በጦር ኃይሉ ዋና መምሪያ ፊት ለፊት ተቀምጠው የነበሩ ሰልፈኞች በጥይት ተበተኑ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ጠፋ። እስከ ጁላይ 9 አልተመለሰም። ዌብሳይቴ ያለው ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ስለነበር ሪያድ ያለ ሰው ያነበዋል፣ አዲስ አበባ ያለ ሰው ያነበዋል፤ የምጽፍለት የዴም ሰው ግን አያገኘውም። ያኔ ገጾቼን ከኮምፒውተሬ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ አሳልፈናል። ተራ ፋይል ስለሆኑ ያለ ኔትወርክ ይከፈታሉ። በኦክቶበር 2021 መፈንቅለ መንግሥት ሆኖ ኢንተርኔት ዳግም ሲጠፋም እንዲሁ አደረግን። ይህን ታሪክ ደጋግሜ አወራዋለሁ። ሳወራው የሚሰማኝ ኩራት እውነተኛ ነው፤ ግን አንድ ጥቅም እንደሰጠኝም አውቃለሁ። ስለ ፋይሉ ሳወራ ስለ አድራሻው የሚጠይቀኝ አይኖርም።

ስለ አድራሻው ለሌላው የምለው ይህ ነበር፦ ሶፍትዌሩን ትቀይረዋለህ፣ ሆስቲንጉን ትቀይረዋለህ፣ ስምህን ግን አንዴ ሰው ከለመደው በኋላ አትቀይረውም፤ ስለዚህ ሌላው ሁሉ ሳይጀመር ስሙን በራስህ ግዛ። በሌላ ሰው አድራሻ ሥር ያለህ እንደሆነ እሱ በሄደበት ትሄዳለህ። ጂኦሲቲስ የሚባለው፣ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር የግል ገጽ የነበረበት ነፃ አገልግሎት በኦክቶበር 2009 ሲዘጋ፣ ገጹን ያላወጣ ሰው አድራሻውም ጽሑፉም ጠፋበት። አገራችን ኢትዮጵያ ውስጥ በ2006 ነፃው የብሎግ አገልግሎት ብሎግስፖት ሲታገድ የታገደው አንድ ጸሐፊ ብቻ አልነበረም፤ በዚያ አድራሻ ሥር ያለ ሁሉ፣ ስለ ወጥ የሚጽፈውም ጭምር፣ አብሮ ተዘጋ። የራሱ ስም ያለው ሰው አስቀማጩን ቀይሮ በዚያው ስም መቀጠል ይችላል። ስሙ የሚመዘገብበት ኢሜይል የራስህ ይሁን፤ የሚከፍልልህ ሰው ኢሜይል አይሁን። የማሳደሻው ቀን ካለፈብህ ጥቂት የእፎይታ ጊዜ አለ፤ ከዚያ በብዙ እጥፍ ዋጋ የምታስመልስበት 30 ቀን ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ ስምህን ማንም መንገደኛ ይገዛዋል። ዌብሳይቱ በምስጠራ እንዲጠበቅ ለሚያደርገው ሰርተፊኬት አትክፈል፤ ሌትስ ኤንክሪፕት የተባለው ድርጅት ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በነፃ ይሰጣል።

ይህን ሁሉ እየመከርኩ እኔ በነፃ አድራሻ ሥር፣ ስሜ በማይታወቅበት ሁኔታ እጽፍ ነበር።

ካርድ አልነበረኝም። ካርድ ያላት እህት ግን ነበረችኝ፤ ታላቄ ናት፣ ቨርጂኒያ ትኖራለች። እናታችን ገበያ ስትውል ያሳደገችኝ እሷ ናት። ካርቱም ያለ ሐበሻ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያስፈልገው ጂዳ ወይም ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለ ዘመዱ እንደሚከፍልለት ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ለስንቱ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። ማዕቀቡ እውነት ነበር፤ እኔም ከእውነቱ ኋላ ተሸሽጌ ነበር። ይህንን ለራሴ ያመንኩ ጊዜ የታየኝ ኩራት ነው። ስትደውል «ሥራ እንዴት ነው?» ትለኛለች፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» እላታለሁ። ደህና ነኝ ያለ ሰው 10 ዶላር አይጠይቅም። ኑዛዜዬ እዚህ ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር።

በ2022 ጅሬፍ የምትኖር አንዲት ልጅ ሱቃችን መጣች። ሹሩባ ትሠራለች፤ ሥራዋን በፎቶ የምታሳይበት ገጽ ፈልጋለች። እንደ ልማዴ ስለ ስም ነገርኳት፤ ዋጋውንም፣ ካርድ እንደሚያስፈልግም ነገርኳት። እዚያው እንደቆመች ሪያድ ላለው ወንድሟ ደወለች። «ወንድምዬ፣ በካርድህ ዐሥር ዶላር ክፈልልኝ፤ ስሙ ግን በእኔ ይሁን፣ ይኼ ልጅ እንዲህ ብሎኛል።» አለቀ። ቀናሁባት። እኔ ዓመታት የዞርኩበትን ነገር አንድ ሻይ በማያስፈላ ጊዜ ጨረሰችው፤ የተናገረችውም የእኔኑ ምክር ነበር።

ቅናቱ አልለቀቀኝም፤ ደግ አደረገ። ኩራት ነው ያልኩት ምክንያት ሲመረመር አልቆመም። እህቴ ለኢቃማ፣ ማለትም ለመኖሪያ ፈቃድ፣ ማሳደሻ ከ10 ዶላር ብዙ እጥፍ ልካልኝ ታውቃለች፤ ያኔም አፍሬ አልሞትኩም። የፈራሁት ገንዘቡን መጠየቅ አልነበረም። የፈራሁት የምገዛውን ስም ነው። ከነአባቴ ስም ሙሉ ስሜን ነበር የምገዛው። ስሜን ገዝቼ ብጽፍበት፣ እህቴ አንድ ቀን ስሜን ስትፈልግ ታገኘኛለች።

ዌብሳይቱ ላይ የነበረውን ልናገር። ከሻ አለበት፤ ፖሊስ ሰፈሩን ከቦ ወረቀት የሌለውን የሚያፍስበት ሌሊት፣ እኔም ከታፈሱት መካከል የሆንኩበት። አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበን ስለምናድርበት ክረምት አለበት። ለእናታችን ለፋሲካ የላክሁት ገንዘብ ብድር እንደነበረ አለበት። ለማያውቁኝ ሰዎች እውነቱን ስጽፍ፣ ለምትወደኝ ሰው «ደህና ነኝ» እል ነበር። ከ2018 ወዲህ በአውሮፓ ሕግ ምክንያት የስም መዝጋቢዎች የባለቤቱን ማንነት ከሕዝብ እንደሚሰውሩ አውቃለሁ፤ ለደንበኞቼም አስረድቻለሁ። ይህ እኔን አልጠቀመኝም፤ የሚገልጠኝ አድራሻው ራሱ ነበርና። ነፃው አድራሻ የተመቸኝ በዋጋው አይደለም። ከእህቴ የምሸሸግበት ቦታ ስለሆነ ነው። ቴክኒክ ነው ብዬ ያቀረብኩት ምርጫ ከቴክኒክ ጋር ዝምድና አልነበረውም።

ደወልኩላት። «ዐሥር ዶላር ለምኑ ነው?» አለች። ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «የጻፍከው አሁን ይገኛል?» አለችኝ። አድራሻውን ላክሁላት። ተመልሳ ስትደውል ሁሉንም አንብባዋለች፤ ብድሩንም፣ ከሻውንም። ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «እኔስ እዚህ እንዴት የምኖር ይመስልሃል?» አለችኝ። በሁለት ሥራ መካከል መኪናዋ ውስጥ እንደምትተኛ ያን ቀን ነው የሰማሁት። እሷም ለዓመታት «ደህና ነኝ» ስትለኝ ኖራለች።

ስሙ በእኔ ኢሜይል፣ በእሷ ካርድ ተመዘገበ። ፋይሎቹን ወደ አዲሱ ስም ማዞር ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ሳይመሽ ያለቀ ሥራ ነበር፤ በዚህ በኩል ስለ ተራ ፋይል የተናገርኩትን አላፍርበትም። በኤፕሪል 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲጀመር በገዳሪፍ አድርጌ በመተማ ወደ አገሬ ገባሁ። ሱቁ፣ ኮምፒውተሩ፣ ዕቃዬ ሁሉ እዚያው ቀረ። ጽሑፎቹ ግን እህቴ ጋ ሙሉ ቅጂ ስለነበራቸው አንዳቸውም አልጎደሉም። ፓስወርዱንም ይዛለች፤ እኔ አንድ ነገር ብሆን ስሙ በየዓመቱ እንዲታደስ ተነጋግረናል። ለጀማሪ የምመክረው ዛሬ አንድ ነገር ጨምሯል፦ ስሙን በራስህ አስመዝግብ፣ ቁልፉን ግን ጽሑፍህን ከምትፈራው ዘመድህ ጋር ተካፈለው።

ይህም ቢሆን ነገሩ አላለቀም። አሁን ስጽፍ እንደምታነበኝ አውቃለሁ፤ ማወቄም እጄን ይይዘዋል። በቅርቡ አሁን ስለምኖርባት ስለ ጎንደር የቤት ኪራይ ስጽፍ የምከፍለውን ዝቅ አድርጌ ነበር፤ እንዳትጨነቅ። ይህን ኑዛዜ ከመጀመሬ በፊት ገጹን ከፍቼ ትክክለኛውን አስገባሁና ለእህቴ ደወልኩላት፤ ከገጹ ላይ ከማንበቧ በፊት ከእኔው አፍ እንድትሰማው።