አንድ እግሯ ብቻ አበጠ

ዛሬ የምናጫውታችሁ በራሳችን ቤት የሆነውን ነው። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል። ነገር ግን እህት ያለው፣ ባለቤቱ ነፍሰ ጡር የሆነችበት፣ አራስ ጎረቤት ያለችው ሁሉ እስከ መጨረሻው እንዲያነበው እንለምናለን።

እኛ አራት እህትና ወንድማማቾች ነን። የመጨረሻዋ እህታችን ያገባችው አዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕሬሽን ወለደች። አልሐምዱሊላህ፣ እሷም ልጁም ደህና ነበሩ። በሰባተኛው ቀን ዐቂቃው ታረደ፣ ስም ወጣ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰበሰበ። በዐሥረኛው ቀን ደግሞ እናታችን ቤት እንድትታረስ ብለን ወደ ደሴ ይዘናት ተነሣን።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ዕለት መንገዱ ሙሉ ቀን ፈጀብን። ለእሷ አስበን የኋላውን ወንበር በትራስና በጋቢ ሞላነው። ለምሳ ስንቆም «አንቺ አትውረጂ፣ ቁስልሽን ያምሻል፣ ብርድም ይመታሻል» ብለን ምግቡን እዚያው መኪና ውስጥ አቀረብንላት። እሷም መንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግራት ብላ ውሃ እምብዛም አልጠጣችም። ደሴ ስንደርስ በቀጥታ አልጋ ላይ ወጣች። እናታችን «አርባዋ ሳይወጣ ንቅንቅ እንዳትል» አለች። አጥሚቱም ገንፎውም አልጋዋ ድረስ ይመጣል። ልጁን ተራ በተራ የምናቅፈው እኛ ነን። እሷ የምትነሣው ለመጸዳጃ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር በራሳችን እንኮራ ነበር። አራስ እንዲህ ነው የምትያዘው እያልን።

በሦስተኛው ቀን ማታ «ግራ ባቴን ይቆረጥመኛል» አለች። የመንገድ ድካም ነው ብለን ተኛን። በማግሥቱ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጭኗ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮና ሞቆ አገኘነው። ቀኝ እግሯ ግን ምንም አልሆነም። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ የየራሱን ተናገረ። አንዷ ምች ነው አለች። ሌላዋ ዓይን ነው አለች። ሌላዋ ደግሞ ኦፕሬሽን ስትሠራ ጀርባዋን የወጓት መርፌ ጅማቷን ነክቶት ነው አለች። አክስታችን ጥቁር አዝሙድ ዘይት አሙቃ ባቷን ልታሽላት እጅጌዋን ሰብስባ ተቀመጠች።

በዚህ መሀል አዋላጅ ነርስ የሆነች የጎረቤት ልጅ ልትጠይቃት ገባች። ገና ከበሩ ላይ ሆና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ያበጠው ሁለቱም እግሯ ነው ወይስ አንዱ ብቻ?»

«አንዱ ብቻ» አልናት።

«እንግዲያው አትሹት። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዷት።»

አክስታችን ቅር አላት። «እኔ ልጄን ልጎዳት ነው እንዴ?»

«አይ እማማ፣ የእርስዎ ዘይት ምን ያደርጋታል ብለው ነው? እኔን ያሰጋኝ ማሸቱ ነው። ውስጡ የረጋ ደም ካለ ሲታሽ ተነቅሎ ወደ ሳንባዋ ሊሄድ ይችላል።»

ሐኪም ቤት በዶፕለር አልትራሳውንድ ሲታይ ከግራ ጭኗ ጀምሮ ወደ ዳሌዋ የሚወጣው ትልቁ ደም መልስ ሥር በረጋ ደም ተዘግቷል። ዶክተሯ ሁላችንንም አስቀምጣ እስኪገባን ድረስ አስረዳችን። እኛም የተረዳነውን እናካፍላችሁ።

በእርግዝና መጨረሻ ላይ በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ወደ ማሕፀን ይፈሳል። ልጁ ተወልዶ የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ፣ ያንን ሁሉ ደም ሲያደርሱ የነበሩት ሥሮች አፋቸው ክፍት ይሆናል። ማሕፀኑ ተኮማትሮ ይጨምቃቸዋል። ደሙም ቶሎ መርጋት አለበት። ይህ ባይሆን እናትየዋ በደቂቃዎች ውስጥ ደሟ ፈስሶ ባለቀ ነበር። ዛሬም ቢሆን በዓለም ላይ እናቶችን በወሊድ ጊዜ ከሚገድሉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ የደም መፍሰስ ነው። ስለዚህ አካሏ ለዚያች ሰዓት ከእርግዝናው መጀመሪያ አንሥቶ ይዘጋጃል። ፋይብሪኖጅን የሚባለውና ሌሎችም ደም የሚያረጉ ንጥረ ነገሮች ይጨምራሉ። መርጋቱን የሚቆጣጠረው ፕሮቲን ኤስ ይቀንሳል። የረጋውን የሚያሟሟው ሥራም ይቀዘቅዛል። ሱብሃነላህ! እኛ በሽታ ብቻ የመሰለን ነገር መነሻው ጥበቃ ነው።

ነገር ግን ይኸው ጥበቃ የራሱ ስጋት አለው። ነፍሰ ጡር ሴት በእሷ ዕድሜ ካለች ነፍሰ ጡር ካልሆነች ሴት ይልቅ ደም ሥሯ ውስጥ ደም የመርጋት ዕድሏ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል። ከ1000 እርግዝናዎች በአንድ ወይም በሁለቱ ላይ ይደርሳል። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ አብዛኞቹ እናቶች በዚህ ሊጨነቁ አይገባም። ሲደርስ ግን ገዳይ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው ጊዜ ደግሞ ከወሊድ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ናቸው። 6 ሳምንት ማለት 42 ቀን ነው። እኛ እህታችንን ከአልጋ እንዳትወርድ ያልናት ልክ በዚያው በአርባው ቀን ውስጥ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾ ስሙ ከሦስት ነገሮች ጋር ይነሣል። ደም ያለ ቦታው የሚረጋው አንድም ፍሰቱ ሲዘገይ፣ አንድም የደም ሥሩ ሲጎዳ፣ አንድም የደሙ ጠባይ ለመርጋት ሲያደላ ነው። እህታችን ሦስቱም ነበሩባት። የደሟ ጠባይ በእርግዝናው ተለውጧል። ወሊዱና ኦፕሬሽኑ ሥሮቿን ነክቷል። ፍሰቱን ያዘገየነው ግን እኛ ነን፣ መጀመሪያ በመኪናው ኋላም በአልጋው። ግራ እግሯን የመረጠውም በአጋጣሚ አይደለም። ወደ ቀኝ እግር የሚሄደው ደም ቅዳ ዳሌ ውስጥ ከግራ እግር የሚመለሰውን ደም መልስ ተሻግሮ ይጫነዋል። ማሕፀኑ ሲከብድ ጫናው ይብሳል። በነፍሰ ጡሮች ላይ እግር ውስጥ የሚረጋው ደም በአብዛኛው በግራ በኩል የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሕክምናው ሆዷ ላይ ከቆዳ ሥር የሚወጋ ኢኖክሳፓሪን የሚባል መርፌ ነው። እዚህ ላይ ሌላ ፈተና መጣብን። ባለቤቷ መድኃኒቱን ሊገዛ ሄዶ ሳለ ይህ መድኃኒት ከአሳማ አንጀት እንደሚሠራ ሰማ። እውነት ነው፤ የሄፓሪን ቤተሰብ መድኃኒቶች በብዛት የሚሠሩት ከዚያ ነው። ባዶ እጁን ተመለሰ። ፊቱ ተለዋውጧል። «እንዴት አድርጌ በገዛ እጄ ሐራም እወጋታለሁ?» አለ። እኛም ግራ ገባን፣ ሰዓቱም እየሄደ ነው።

የምናምነው ኡስታዝ ጋር ደወልን። ነገሩን አዳምጦ «ሐኪሟ በዚያው ሰዓት ሊሰጥ የሚችል ሌላ መድኃኒት አለ ትላለች?» ብሎ ጠየቀን። ዶክተሯ ለዚህ ሁኔታ እጃቸው ላይ ያለው እሱ ብቻ መሆኑን ነገረችን። ኡስታዙም «ነፍስን ማዳን ይቀድማል። ይህ ዶሩራ ነው። ዑለማዎች በዚህ ላይ ተናግረውበታል። ጥያቄያችሁን ነገም ልታነሡት ትችላላችሁ፣ መርፌውን ግን ዛሬ ትወጋ» አለን። ባለቤቷ ሁለተኛ ሲወጣ እየሮጠ ነበር። ይህን የጻፍነው ፈትዋ ለመስጠት አይደለም፣ የእኛ ሥራም አይደለም። ይህ ጥያቄ ቢያጋጥማችሁ የምታምኑትን ዓሊም ወዲያው ጠይቁ፣ ግን ሐኪሙን ሳታማክሩ መድኃኒት አታስቀሩ ለማለት ነው።

አንድ ሌሊት እናታችን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እያለች ድንገት ማልቀስ ጀመረች። «የእሷም ግራ እግሯ አብጦ ነበር» አለች። ስለ ታናሽ እህቷ ነበር የምታወራው። እኛ ሳንወለድ፣ በወለደች በዐሥራ ሁለተኛው ቀን የሞተችዋን አክስታችንን ማለቷ ነው። ልጇን ልታጠባ ስትነሣ «ደረቴን፣ ትንፋሼን» ብላ ወደቀች፣ ከዚያ አልተነሣችም። ዓይን ነው ተባለ፣ ተቀበረች። ዓይን ሐቅ መሆኑን እናምናለን። የአክስታችን አጀልም በአላህ ዘንድ የተጻፈ ነው። ነገር ግን የዚያ ቀን አንድ ሰው «ሁለቱም ነው ወይስ አንዱ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ብለን እናስባለን። ሩቅያውም ይቀራ፣ ዱዓውም ይደረግ፣ በሽተኛዋም ሐኪም ቤት ትሂድ። አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

በማግሥቱ የአክስታችንን ነገር ለዶክተሯ ነገርናት። መዝገቡ ላይ ጻፈችውና «ይህ ለሌሎቻችሁም ይጠቅማል። በቤተሰብ ውስጥ የደም መርጋት ካለ እርጉዝ ስትሆኑ በመጀመሪያው ክትትል ላይ መናገር አለባችሁ» አለች።

እንግዲህ የተማርነው ይህ ነው፦

• የአንድ እግር ማበጥ፣ መቁረጥም፣ መሞቅ ወይም መቅላት ካለ፣ በተለይ በግራ፣ አይታሽም፣ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

• ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሳል፣ ራስን መሳት ካለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

• በእርግዝና መጨረሻ የሁለቱም እግሮች በመጠኑ ማበጥ የተለመደ ነው። ከከባድ ራስ ምታትና ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣ ግን የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል እሱም ሐኪም ይፈልጋል።

• ከዚህ በፊት ደም የረጋባት፣ በኦፕሬሽን የወለደች፣ ዕድሜዋ ከ35 በላይ የሆነ፣ ክብደቷ የበዛ፣ መንታ ያረገዘች ወይም ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ስጋቷ ይጨምራል። መከላከያ መርፌ ያስፈልጋት እንደሆነ ሐኪሟን ትጠይቅ።

• አራስ ታርፍ፣ ነገር ግን በቀን ደጋግማ ቤት ውስጥ ወዲህ ወዲያ ትበል። ስትተኛም ቁርጭምጭሚቷን ታንቀሳቅስ። ውሃ በደንብ ትጠጣ።

• ረጅም ጉዞ ከተቻለ ይቆይ። ግድ ከሆነ ደግሞ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ቆማችሁ አውርዷት፣ ትራመድ።

• ደም የረጋባት እናት ኢስትሮጅን ያለበትን የእርግዝና መከላከያ እንክብል መውሰድ የለባትም። ለሚቀጥለው እርግዝናም ገና ከጅምሩ ለሐኪም ትንገር።

እህታችን መርፌውን ቢያንስ ለሦስት ወር እንድትቀጥል ታዘዘላት፤ ልጇን ማጥባቷን አልከለከላትም። ባለቤቷ መውጋቱን ተማረ፣ እጁ መንቀጥቀጡ ግን ሳምንት ሙሉ አልተወውም። እናታችን ደግሞ የአርባውን ሕግ አሻሻለች። አጥሚቱን አልጋ ድረስ መውሰድ ተወች። ሳሎን ታስቀምጠውና «ነይ፣ ተነሺ፣ መጥተሽ ጠጪ» ትላታለች። እህታችን በግድግዳው ተደግፋ ቀስ እያለች ትመጣለች። አክስታችንም ዘይቷን ይዛ ከኋላዋ ትከተላታለች፣ ለልጁ ነው እያለች።

አላህ እናቶቻችንን፣ እህቶቻችንን፣ ሚስቶቻችንን ይጠብቅልን። በዚህ መንገድ ያለፉትንም ይዘንላቸው። አሚን። ይህን ጽሑፍ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ላለችበት ቤት አድርሱልን፣ ሼር አድርጉት።