የዶሮው አጥንት ከመጣሉ በፊት

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ዘርም አይደለም፤ ስለ ልጆች ድስት ነው የማወራችሁ።

ዶሮ አርቡ ስንል ለገበያ ብቻ አይደለም፤ ለልጆቻችሁ ገበታም ጭምር ነው። በበዓል ቀን ግን ምን ይሆናል? ፈረሰኛው ለአባወራው፣ ጥሩ ጥሩው ለእንግዳ ይሄድና ልጁ በበርበሬ የሚያቃጥል መረቅ በእንጀራ ነክቶ፣ ውኃ ጠጥቶ ይነሳል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 41 ከመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ቤት ያለው ምግብ ልጁ ዘንድ አለመድረሱ ነው።

እኔ ቤት የማደርገውን ልንገራችሁ። ብልቱ ሲወጣ፣ በርበሬ ሳይነካው፣ ጀርባውን፣ አንገቱንና አንድ ታፋ ለብቻ አስቀምጣለሁ። «አሥራ ሁለቱ ብልት ሊጎድል ነው» የሚሉኝ አሉ። ይጉደል፤ የልጅ ሆድ ይሞላል። ጥሬውን ለነገ ብዬ አላሳድርም፤ ያኑ ቀን ነው የምጥደው።

ሁለቱ ልጆቼ አምስትና ሦስት ዓመታቸው ነው። ትልቋ የገብስ ቅንጬውን ትለቅማለች። ትንሹ ነጭ ሽንኩርት ይልጣል፤ ግማሹ መሬት ላይ ይቀራል፣ ግድ የለም። ድንችና ካሮት ሁለቱም ያጥባሉ። ጥሬ ዶሮና ቢላዋ ግን የእኔ ሥራ ነው፤ እሳቱ ዳርም አይጠጉም። ያየሁትን ልንገራችሁ፦ ካሮት አልበላም የሚለው ልጅ ራሱ ያጠበውን ሲሆን ይበላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዶሮውን በ3 ሊትር ውኃ ጥዳችሁ በደንብ አፍሉት፤ አረፋውን ግፈፉ። ከዚያ እሳቱን ቀንሱና ድስቱን ከድናችሁ በፍም ላይ ለ3 ሰዓት ያህል ተዉት። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ ድስት ትዕግሥት ይፈልጋል። ግማሽ ጊዜው ሲያልፍ አንድ ብርጭቆ ቅንጬና ነጭ ሽንኩርቱን ጨምሩ። ድንች፣ ካሮትና የተከተፈ ጎመን ሊወጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ይገባል። ከዶሮ ወጡ ድስት የተረፈ ሥጋ ካለ በርበሬውን በሙቅ ውኃ አለቅልቃችሁ አብራችሁ አፍሉት። አዮዲን ያለው ጨው መጨረሻ ላይ፣ ጥቂት ብቻ።

አሁን ዋናው ነገር። መረቁ ብቻውን ልጅ አያሳድግም። ብዙ ቤት ውኃውን ለልጅ፣ ሥጋውን ለትልቅ ሰው ይሰጣሉ፤ ይህ ይገልበጥ። አጥንቱን አንድ በአንድ ለቅማችሁ አውጡ፤ ትንሽ ስንጥር ሕፃን ታንቃለች። ሥጋውን በጣታችሁ በጣጥሳችሁ ወደ ሾርባው መልሱና ወፍራሙን ለልጁ ሳህን ቅዱ። ስድስት ወር ያለፈው ሕፃን ከሆነ ፈጭታችሁ ገንፎ አስመስሉት፤ ከስድስት ወር በፊት ግን የእናት ጡት ብቻ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የደባርቅ ብርድ ፍሪጅ አይደለም፤ ያደረ ሾርባ እንደገና ሳይንተከተክ ለልጅ አይሰጥም፣ ሽታው ከተለወጠም ይደፋል። ሁለተኛ፣ በፈንግል ወይም በሌላ በሽታ የሞተች ዶሮ ድስት አትገባም፤ ትቀበር ወይም ትቃጠል። ለክትባቱ የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

ዶሮ የምታርዱት በዓመት ሁለት ሦስቴ ብቻ ነው? ይገባኛል። በሌላው ቀን፣ በጾምም ቢሆን፣ በዶሮው ፋንታ የባቄላ ወይም የምስር ክክ ግቡበት፤ አሠራሩ ያው ነው። ዶሮዎቻችሁ እንቁላል ሲጥሉ ደግሞ ሁሉንም ቅዳሜ ገበያ አታውጡ፤ ለልጆቹ ጥቂት አስቀሩላቸው።