ቺስተርኒኖ፦ ከሥጋ ቤት እስከ አደባባይ

ቺስተርኒኖ በደቡብ ኢጣሊያ፣ በፑሊያ ክልል፣ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ግድግዳው፣ ደረጃው፣ ቅስቱ ሁሉ ኖራ የተቀባ ነው። መንገዶቿ ጠባብና ጠመዝማዛ ናቸው፤ የየቤቱ ደረጃም በውጭ በኩል ወደ ፎቅ ስለሚወጣ እንግዳ ሰው መንገድ አገኘሁ ሲል የሰው በር ላይ ይደርሳል። በበጋ ከምሳ በኋላ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ሰው አይታይም። ሲመሽ ግን የጥብስ ሽታ ሰፈሩን ያነቃዋል።

ራት የሚበላው ሉካንዳ ቤት ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ሥርዓቱ እንግዳ አይደለም፦ ሥጋውን መምረጥ፣ ማስመዘን፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ። ልዩነቱ አጠባበሱ ላይ ነው። ሥጋው በረጅም ብረት ተሰክቶ በድንጋይ ምድጃ ውስጥ ከፍሙ ጎን ይቆማል እንጂ ፍሙ ላይ አይተኛም፤ ስቡ እሳት ላይ ስለማይንጠባጠብ ጭስ አይበዛበትም። የአካባቢው ኩራት ቦምቤታ ነው፦ በስሱ የተቆረጠ የአሳማ አንገት ሥጋ አይብ ተደርጎበት ይጠቀለላል። እንደኔ አሳማ ለማይበላ በግ አለ። በአንጀት ተጠቅልሎ የሚጠበሰውን የበግ ጉበትና ሳንባ ዱለት ወዳድ ቢቀምሰው አይቆጨውም። ሚጥሚጣና አዋዜ ግን አይታሰብም፤ ጨው፣ ዳቦና ወይን ጠጅ ይበቃል።

«እስኪበስል ዞር ዞር በሉ» አለን ባለሉካንዳው። ወደ ቪቶሪዮ ኢማኑኤለ አደባባይ ወጣን። በሰዓቱ ማማ ሥር አሮጊቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ ወጣቶች ዘንጠው፣ አባቶች የሕፃን ጋሪ እየገፉ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳሉ፤ ይመለሳሉ። የሚቸኩሉበት ጉዳይ የላቸውም። ቅድም ሰላም የተባባሉት ሲመለሱ ደግመው ሰላም ይባባላሉ። ከመናፈሻው ዳር ቁልቁል ሲያዩ የኢትሪያ ሸለቆ ተዘርግቷል፦ ወይራ፣ የወይን ተክል፣ በመካከሉም ትሩሊ የሚባሉት ቤቶች፣ ሾጣጣ ጣሪያቸው ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ በድንጋይ ብቻ የተካበ። በቅርብ ያለችው አልቤሮቤሎ በእነዚሁ ቤቶቿ በ1996 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

በልተን ስንወጣም አደባባዩ አልተበተነም ነበር። ሥጋ መርጦ ማስጠበሱን እኛም እናውቅበታለን፤ የቀናሁት በአደባባዩ ነው። ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ገንዘብ ያለውም የሌለውም፣ «ምን ልታዘዝ?» የሚለው ሳይኖር እስኪበቃው ይንሸራሸርበታል። አደባባዩ ባይኖር ቺስተርኒኖ ጥብስ የሚጣፍጥባት ከተማ ብቻ ሆና በቀረች ነበር።