በለንደን ክረምት ቤቱን የሚያሞቀው ውሃ

በጥር ወር ለንደን ያሉ ዘመዶችዎን ሊጠይቁ ከሄዱ፣ ከብርዱ በፊት የሚያስገርምዎት ጨለማው ነው። ፀሐይ ብቅ የምትለው ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት አልፎ ብዙም ሳይቆይ ትጠልቃለች። ጎን ለጎን ተያይዘው ከተሠሩት የጡብ ቤቶች ወደ አንዱ ሲገቡ፣ ካፖርትዎን ሳያወልቁ የሚጠጉት በመስኮቱ ሥር ወደተተከለው ነጭ ብረት ነው። ራዲያተር ይሉታል። ጋቢ ይዘው ከሄዱ ደግሞ ከእሱ አጠገብ ቡና መጠጣት የሚያስመሰግን ነገር ነው።

አዲስ አበባ ላይ ቦይለር ስንል የመታጠቢያ ቤቱን የውሃ ማሞቂያ ማለታችን ነው። እዚያ ግን ብዙ ጊዜ ኩሽና ውስጥ የሚሰቀል፣ በጋዝ የሚሠራ ሣጥን ነው። የሞቀው ውሃ በቧንቧ ወደየክፍሉ ራዲያተር ይሄዳል፤ ሙቀቱን ሰጥቶ ይመለስና እንደገና ይሞቃል። ከሚጠጡት ውሃ ጋር አይቀላቀልም። ያው ውሃ ለዓመታት ሲዞር ይኖራል።

ጣጣው ያለውም እዚህ ላይ ነው። ብረት፣ ውሃና ኦክስጅን ከተገናኙ ዝገት አይቀርም። ይህኛው ዝገት ግን ከቆርቆሮ ጣሪያችን እንደምናውቀው ቀይ አይደለም፤ ጥቁር፣ ማግኔት የሚስበው ደቃቅ ነገር ነው። እንደ ጠላ አተላ ከራዲያተሩ ሥር ይዘቅጣል። የጋዙ ሂሳብ ይቆጥራል፣ ክፍሉ ግን አይሞቅም። ልጃቸውን በአራስነቷ ሊረዱ ከአገር ቤት የመጡ እናት የሚተኙበት ክፍል እንዲህ ከሆነ፣ ነገሩ የቧንቧ ሠራተኛ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እጅዎን ራዲያተሩ ላይ ያሳርፉና ይዩት። ታቹ ሞቆ ላዩ ከቀዘቀዘ አየር ገብቶበታል፤ ማሞቂያው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ በትንሿ ቁልፍ ይተነፍሳል። ላዩ ሞቆ የታችኛው መሀል ከቀዘቀዘ ግን አተላውን ይጠርጥሩ።

መከላከያው ኢንሂቢተር የሚባል ፈሳሽ ነው፤ ከውሃው ጋር ሲቀላቀል ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል። አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሊትር ጠርሙስ ይሸጣል፤ ለስንት ራዲያተር እንደሚበቃ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። እንደኔ ከሆነ እዚያ አገር ለቤት ከሚወጣ ገንዘብ ይህን ያህል ዋጋ ያለው ጥቂት ነው። ነገር ግን የዘቀጠውን አተላ አያጠፋም። የቆሸሸው ውሃ መጀመሪያ ታጥቦ መውጣት አለበት። ራዲያተር ለመቀየር ውሃው በተደፋ ቁጥርም መድኃኒቱ አብሮ ይደፋል፤ ብዙዎች የሚረሱት ይህንን ነው። ውሃ ቶሎ ቶሎ የሚጨመርበት ቤት ደግሞ የሆነ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው። አዲሱ ውሃ መድኃኒቱን ያቀጥናል፣ አዲስ ኦክስጅንም ይዞ ይገባል።

የብሪታንያው የሥራ ደረጃ ቢኤስ 7593 የኢንሂቢተሩ መጠን በየዓመቱ እንዲመረመር ይመክራል። ዘመዶችዎ ባለቤቶች ከሆኑ፣ ለዓመታዊው የቦይለር ምርመራ የሚመጣውን ባለሙያ ውሃውንም እንዲያይላቸው ይጠይቁት። የጋዙን ክፍል የሚነካው ሰው በጋዝ ሴፍ መዝገብ የተመዘገበ መሆን አለበት። ተከራዮች ከሆኑ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ማሞቂያውን የማስጠገን ግዴታ በአብዛኛው የአከራዩ ነው፤ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ራዲያተር፣ ላዩ ወይስ ታቹ እንደሚቀዘቅዝ በጽሑፍ ያሳውቁት።